መጫር

መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦
«የጥንት ሰው እሳትን አገኘ» የሚለው።
ማን አገኘ? የት ነው? በየትኛው ቀን? አይልም፤
ከሥሩ ሥዕል አለ፣ ግን ቀለሙ የለም፤
ግራጫ ሰውዬ፣ ግራጫ ነበልባል፣
እንኳንስ ሊሞቁት ሲያዩትም ይበርዳል።

ያን ሰሞን በልግ ነው። የጦሳው ጉም መጥቶ፣
በስባራው መስኮት ሾልኮ ክፍል ገብቶ፣
እንዳረፈደ ልጅ ጥግ ላይ ተጎልቶ
ያዳምጠኝ ነበር።

ሐምሳ ስምንት ልጆች፣ ባንድ ወንበር አራት፣
እጅ በብብታቸው፣ ካፋቸው እንፋሎት።
እኔም ከቦርከና ሁለት ባልጩት ለቅሜ፣
ጥጥና ደረቅ ሣር በፌስታል ተሸክሜ፣
«ዛሬ እንጭራለን» አልኩ ግቢ መሃል ቆሜ።

ጫርኩ። ደግሜ ጫርኩ። ድንጋዩ ተንጫጫ፣
ጣቴ ተጫጫረ፤ እሳት የለም፣ ጩኸት ብቻ።

«ቆይ ግን ቲቸር» አለች ጦይባ፣ የሆጤዋ፣
ከሁሉም አጭሯ፣ ጥርሰ ወላቃዋ፣
«ሰውዬው ለምን ነው እንዲህ የሚለፋ?
እኛ ከጎረቤት ነው የምንጭር ክብሪት ሲጠፋ።»

ሳቅን። ኋላ ግን ሳቁ ካፌ ላይ ደረቀ፤
የመጀመሪያው ሰው ከማን ደጅ ዘለቀ?
ማን ነው ጎረቤቱ? ማን ፍም አቀበለው?
«መብረቅ ነው» አለ አንዱ፤ «ኤርታሌ» አለ ሌላው።

ይመር ተነሣ። ይመር ተናግሮ አያውቅም፤
ስሙን ስጠራ እንኳ «አቤት» አይልም።
«አባቴ…» አለና ምራቁን ዋጥ አረገ፣
«አባቴ ኮምቦልቻ ነው፣ ብረት የሚቀልጥበት፣
በሐረጎ ወርዶ፣ የሌሊት ፈረቃ።
እዚያ እሳት አይተኛም። አንዴ ከተኛ ግን
መቀስቀሱ ጭንቅ ነው፣ ቀናት ይፈጃል አለኝ።
ስለዚህ በተራ ነው፤ አንዱ ሲያንቀላፋ
አንዱ ዐይኑን አፍጦ።
የድሮ ሰዎቹም… መጫር ካላወቁ፣
እንዲህ ነው ያቆዩት። እንዳይተኛባቸው።»

ገጹን ገለበጥኩት። ይሄ እዚያ የለም።
አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አላሰብኩም።
ያን ግራጫ ሰውዬ እንደገና አየሁት፤
ሊቅ መስሎኝ ነበረ፣
ለካ ተረኛ ነው።
ዐይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ ያንገላታው፣
ከኋላው ልጆቹ ተደራርበው ተኝተው፣
ከፊቱ ጨለማ፣ ጨለማው ውስጥ ደግሞ
ገና ስም ያልወጣለት አንድ የሚያጉረመርም ነገር።

ጋሽ ሙሔ ዘበኛው በሩ ላይ ጣሳ አለው፤
ከጦሳ ሥር ጣሳ፣ ዓመት ከዓመት የሚግለው።
«አብሽሩ» አለና ዐመዱን ፈልፍሎ
አንዲት ፍም ሰጠን በጉጠት ነጥሎ።

ያን ቀን ትምህርት የለም። ወይም ያ ነው ትምህርቱ።
በእንግሊዝኛ ሰዓት እፍ ስትል ዋለች ጦይባ፤
በሒሳብ፣ አራጋው ደብተሩን ገንጥሎ
ራሱ የጫረውን ከነስሕተቱ አገባ፤
ፊደሉ ጠቆረ፤
ከዚያ በራ።
ካፊያ ሲጀምር ደግሞ፣ ሐምሳ ስምንት ጀርባ
ገጥሞ ክብ ሠራ፤
ማንም ሳያዘን ዋሻ ሆንን፣ ያለ ድንጋይ፣
ጭሱ ዐይናችንን እያቃጠለን፣
አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ሲያስል።

ደወል ተደወለ። ማንም አልተነሣ።
«አደራ፣ ጋሽ ሙሔ!» መለስናት ወደ ጣሳ።

ሌሊቱን ዘነበ። ቆርቆሮው ሲደለቅ
አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ደሞዝተኛ፣
ስለ አንዲት ፍም ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

በማግሥቱ ጉም ነው። መንገዱ አይታይም።
በሩ ጋ ስደርስ ይመር ቀድሞኛል፣
ሱሪው እስከ ጉልበት ጭቃ፣
አፉን በበሩ ቀዳዳ ላይ አድርጎ።
እኔን ዞሮም አላየኝ።
ያ «አቤት» የማይለው ልጅ፣
ጋሽ ሙሔን፣ በሹክሹክታ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ፦

«እሳቱ እንዴት አደረ?»